ዝርዝር የፅንስ አልትራሳውንድ፦ ሳምንቱን፣ ተቋሙንና የምርመራውን ዓይነት ለመምረጥ የሚረዳ የንጽጽር መመሪያ

በእርግዝና አምስተኛው ወር ገደማ «ዝርዝር አልትራሳውንድ ተነሥተው ይምጡ» የተባለች እናት ብዙውን ጊዜ ከክትትል ክፍሉ ይዛ የምትወጣው የምርመራው ስም የተጻፈበትን ወረቀት ብቻ ነው። በየትኛው ሳምንት መሄድ እንዳለባት፣ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይሁን ወደ ግል ማዕከል፣ የተለመደው ቱ-ዲ (ጠፍጣፋ ግራጫ ምስል የሚያሳየው) ይበቃ እንደሆነ ወይስ ፎር-ዲ (የልጁን ፊት በእንቅስቃሴ የሚያሳየው) እንደሚያስፈልግ፣ የደም ምርመራ ይህን ይተካ እንደሆነ፣ በልታ ትሂድ ወይስ ጾሟን የሚሉት ጥያቄዎች ለእርሷና ለባለቤቷ ይተዋሉ። ይህ መመሪያ እነዚህን ምርጫዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ለማን እንደሚሻል ያሳያል። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ የዚህን ምርመራ ዋጋ የሚወስኑት ምርመራው የሚደረግበት ሳምንትና መሣሪያውን የያዘው ባለሙያ ናቸው። የማሽኑ አዲስነትና የምስሉ ውበት ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር መቀነስ ያለበት ከኋለኞቹ እንጂ ከፊተኞቹ አይደለም።

ዝርዝሩ ምርመራ ከተራው የሚለይበት

በክትትል ጊዜ የሚደረገው ተራ አልትራሳውንድ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፦ ፅንሱ በሕይወት አለ ወይ፣ አንድ ነው ወይስ መንታ፣ ስንት ሳምንት ሆኖታል፣ እንግዴ ልጁ የት ተቀምጧል፣ የእንሽርት ውሃው በቂ ነው ወይ፣ በኋለኞቹ ወራት ደግሞ ጭንቅላቱ ወደ ታች ዞሯል ወይ። እነዚህን በሚገባ የሠለጠነች አዋላጅ በጤና ጣቢያ ደረጃ በጥቂት ደቂቃዎች ልትመልሳቸው ትችላለች፤ መልሶቹም የእናትን ሕይወት የሚያድኑ ስለሆኑ ማንም ሊንቃቸው አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቅድመ ወሊድ ክትትል መመሪያ ላይ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትነሣ የመከረው የእርግዝናውን ዕድሜ በትክክል ለማወቅ፣ መንታን ለመለየትና የአካል ጉድለትን በጊዜ ለማግኘት እንዲረዳ ነው።

ዝርዝሩ ምርመራ ግን ፅንሱን ከራስ ቅሉ እስከ እግሩ ክፍል በክፍል የሚያይ ነው፤ ባለሙያው የሚያየው ነገር ተራ በተራ የተቀመጠ ዝርዝር አለው። ለምሳሌ የጀርባ አጥንት ክፍተት፣ በሕክምና ስሙ ስፓይና ቢፊዳ፣ መኖር አለመኖሩን የሚያጣራ ጎበዝ ባለሙያ ጀርባውን ብቻ አያይም፤ አስቀድሞ ጭንቅላቱን ይመረምራል። ክፍተቱ ሲኖር በጭንቅላቱ የኋላ ክፍል ያለው ትንሹ አንጎል ወደ ታች ተስቦ እንደ ሙዝ ይጎብጣል፣ የግንባሩ አጥንትም በሁለቱ ጎን ገባ ይላል፤ ጀርባው ላይ ያለው ቀዳዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ በሚሆንበት ጊዜ እንኳን እነዚህ ምልክቶች ይጠቁማሉ። በዚህ ዕድሜ የትንሹ አንጎል ስፋት በሚሊ ሜትር ሲለካ ከሳምንቱ ቁጥር ጋር የተቀራረበ መሆን አለበት፤ በ20ኛው ሳምንት 20 ሚሊ ሜትር ያህል ማለት ነው። በአንጎል ውስጥ ያሉት የፈሳሽ ክፍሎች ስፋት ደግሞ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች መሆኑ ይረጋገጣል። ከዚያ ከንፈሩ መዘጋቱ፣ የልቡ አራት ክፍሎችና ከልብ የሚወጡት ሁለቱ ታላላቅ የደም ሥሮች ተሻግረው መውጣታቸው፣ ጨጓራው በግራ በኩል መሆኑ፣ ሁለቱም ኩላሊቶችና የሽንት ፊኛው መኖራቸው፣ እትብቱ ወደ ሆድ የሚገባበት ቦታ መዘጋቱ፣ በእትብቱ ውስጥ ሁለት አርተሪና አንድ ቬይን የተባሉት የደም ሥሮች መቆጠራቸው፣ የእጅና የእግር ረጃጅም አጥንቶች መለካታቸው ይከተላል። ይህ ሁሉ ፅንሱ ከተመቸ ግማሽ ሰዓት፣ ካልተመቸ ከዚያም በላይ ይወስዳል። በአምስት ደቂቃ ተጠናቆ «ዝርዝር ነው» የሚባል ምርመራ ዝርዝር ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ገደብም አለ። የራስ ቅል አለመሟላትን የመሰሉ ከባድ ጉድለቶች በጥሩ እጅ ፈጽሞ ማለት ይቻላል አያመልጡም። የልብ ችግሮች ግን በታወቁ ማዕከላትም ቢሆን ጉልህ ክፍላቸው ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል፤ ዳውን ሲንድሮም የተባለው የክሮሞዞም ችግር ያለበት ፅንስም በአልትራሳውንድ ላይ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ «ሁሉም ደኅና ነው» የሚለው ቃል «ሊታይ ከሚችለው ውስጥ ችግር አልተገኘም» ማለት እንደሆነ ተረድቶ መግባት ያሻል።

ሳምንቱን መምረጥ

ሦስት የጊዜ ምርጫዎች አሉ፤ የሚመልሱትም ጥያቄ የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ከ11ኛው ሳምንት እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን ያለው ነው። በዚህ ጊዜ ፅንሱ ከራስ እስከ መቀመጫው ይለካል፤ የእርግዝናው ዕድሜ ከአንድ ሳምንት ባነሰ ስሕተት ይታወቃል። ከአንገቱ ጀርባ ያለው የፈሳሽ ውፍረትም ይለካል። መንታ ከሆኑ ደግሞ ሁለቱ አንድ እንግዴ ልጅ ይጋሩ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚታወቀው በዚህ ወቅት ነው፤ ይህም የክትትሉን መንገድ ሙሉ በሙሉ የሚቀይር ነገር ነው። ሁለተኛው ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ያለው ዋናው ዝርዝር ምርመራ ነው። ሦስተኛው ከ24ኛው ሳምንት በኋላ ያለው ሲሆን የፅንሱን እድገት፣ የእንግዴ ልጁን ቦታና አቀማመጡን ለማየት ይጠቅማል፤ አጥንቱ እየጠነከረ ጥላ ስለሚጥልና ቦታው ስለሚጠበው ግን የአካል ክፍሎችን በዝርዝር ለማየት አይመችም። በዚህ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰላ የእርግዝና ዕድሜም በሦስት ሳምንት ያህል ሊሳሳት ይችላል።

አቅሟ ለአንድ ምርመራ ብቻ የሚበቃ እናት የወር አበባዋን ቀን በትክክል የምታውቅ ከሆነ እኔ የምመክራት በ19ኛው ወይም በ20ኛው ሳምንት ያለውን እንድትመርጥ ነው። ቀኗን የማታውቅ፣ የሦስት ወር መርፌ አቋርጣ የወር አበባ ሳታይ ያረገዘች ወይም ጡት እያጠባች የፀነሰች እናት ግን ዕድሜውን የሚያሳውቃትን የመጀመሪያውን ተራ አልትራሳውንድ በቅርቧ ባለ ጤና ጣቢያ ቀድማ ብታደርግ ይሻላታል፤ ያለዚያ ዝርዝሩን የምታደርገው በ16ኛው ይሁን በ25ኛው ሳምንት ማወቅ አትችልም። ሰውነቷ ወፈር ያለ እናት ደግሞ ምስሉ ስለሚደበዝዝ ወደ 20ኛውና 21ኛው ሳምንት መጠጋት ይጠቅማታል። ለሌሎች 19ኛውን የምመርጥበት ምክንያት አለኝ፦ ፅንሱ ጀርባውን ሰጥቶ ልቡ ወይም ፊቱ ሳይታይ ቢቀር፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ለማየት ጊዜ ይተርፋል። ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ ከተማ የምትጓዝ እናትም በሳምንቱ መጀመሪያ ቀናት ብትሄድ ድጋሚ ምርመራ ሲያስፈልጋት ሌላ ጉዞ ሳይጠብቃት በዚያው ሳምንት መታየት ትችላለች።

የቆጠራው ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ ቀጠሮ የሚበላሸው በዚህ ነውና። ሐኪም የእርግዝናን ዕድሜ የሚቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ነው። በቤት ያለው ቆጠራ ግን በወር ነው፤ አንዳንዷ እናት ከቀረባት የወር አበባ፣ ሌላዋ ከፀነሰችበት፣ ሌላዋም ማቅለሽለሽ ከጀመራት ቀን ትነሣለች። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን መሆኑ ስሌቱን ቀላል ያደርገዋል። 18 ሳምንት 126 ቀን ስለሆነ 4 ወር ከ6 ቀን ነው፤ 20 ሳምንት 4 ወር ከ20 ቀን፣ 22 ሳምንት ደግሞ 5 ወር ከ4 ቀን ነው። የመጨረሻ የወር አበባዋ በጥምቀት ዕለት ጥር 11 ቀን የጀመረ እናት 18ኛውን ሳምንት ግንቦት 17፣ 20ኛውን ሰኔ 1፣ 22ኛውን ሰኔ 15 ቀን ትሞላለች። ቆጠራው በጳጉሜ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ከተገኘው ቀን ላይ 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ ደግሞ 6 ቀን ይቀነሳል፦ ሐምሌ 1 ቀን የጀመረች እናት በወር ብቻ ብትቆጥር 18ኛው ሳምንት ኅዳር 7 ይመስላታል፤ ትክክለኛው ቀን ግን ኅዳር 2 ነው። ለሐኪሙ ቀኑን ሲናገሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጨምረው ይናገሩ። በተለይ ከዐረብ አገራት፣ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የመጣች እናት ቀኗን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለምታስታውስ ሁለቱ ከተደባለቁ የሳምንቱ ስሌት በሙሉ ይፋለሳል።

ጊዜው ይህን ያህል የሚጠበቅበት ምክንያት ከማየት ያለፈ ነው። ችግር ከተገኘ ድጋሚ ለማረጋገጥ፣ ከቤተሰብ ጋር ለመመካከርና የት እንደሚወለድ ለማሰብ ሳምንታት ያስፈልጋሉ። የጀርባ ክፍተት ያለበት ልጅ የሕፃናት የነርቭ ቀዶ ሕክምና ከሚሰጥበት እንደ ዘውዲቱ መታሰቢያ ካለ ሆስፒታል አጠገብ ቢወለድ፣ የልብ ችግር ያለበትም በጥቁር አንበሳ ግቢ ካለው የልብ ማዕከል ጋር አስቀድሞ ቢገናኝ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ፅንሱ ሊድን የማይችል ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖርበት እርግዝናን በሕክምና ተቋም ማቋረጥን ይፈቅዳል። ይህን መንገድ ማንም በማንም ላይ ሊጭነው አይገባም፤ ነገር ግን ምርጫው በሕግ ያላት እናት ዘግይታ በመታየቷ ብቻ ሳታስብበት ሊያልፋት አይገባም።

ተቋሙንና ባለሙያውን መምረጥ

እዚህ ላይ ያለው ንጽጽር ከ«መንግሥት ወይስ ግል» በላይ ነው። ጥያቄው መሣሪያውን የሚይዘው ማነው የሚለው ነው።

ጤና ጣቢያዎችና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ለተራው አልትራሳውንድ ተመራጭ ናቸው፤ ቅርብ ናቸው፣ ካርድዎ እዚያው አለ፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ለዝርዝሩ ምርመራ ግን ወደ ሌላ መላክ አለባቸው፤ በሐቀኝነት «ይህን እኛ አናይም» ብላ ሪፈር የጻፈች አዋላጅ ትልቅ ውለታ ነው የዋለችው። የማስተማሪያና ሪፈራል ሆስፒታሎች፣ ማለትም በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ፣ በክልል ደግሞ እንደ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሀዋሳ፣ የመቀሌው ዓይደርና የባሕር ዳሩ ጥበበ ግዮን ያሉት፣ ራዲዮሎጂስቶች (የምስል ምርመራ ሐኪሞች) እና የማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊስቶች የሚገኙባቸው ናቸው። በቅዱስ ጳውሎስ የእናትና ፅንስ ሕክምና ሰብ-ስፔሻሊስቶችም ይሠለጥናሉ። የእነዚህ ድክመት ወረፋው ነው፤ ቀጠሮው ከ22ኛው ሳምንት በኋላ ከሆነ ጥሩ ሐኪም መኖሩ ብቻ አይጠቅምም። የግል ዲያግኖስቲክ ማዕከላት ቀጠሮ ቶሎ ይሰጣሉ፤ ከማዕከል ማዕከል ያለው የብቃት ልዩነት ግን ሰፊ ነው። በአንዱ የዓመታት ልምድ ያለው ሐኪም ራሱ ያያል፤ በሌላው ተራው ምርመራ «ዝርዝር» የሚል ስም ተሰጥቶት ይሸጣል።

ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት በስልክም ቢሆን ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቁ። ምርመራውን የሚያደርገው ማነው፣ ራዲዮሎጂስት፣ የማህፀን ሐኪም ወይስ ሌላ ባለሙያ? ለአንዲት እናት ምን ያህል ደቂቃ ይመደባል? የልብ አራት ክፍሎችና ከልብ የሚወጡት የደም ሥሮች በሪፖርቱ ላይ ተለይተው ይጻፋሉ ወይ? ሦስተኛውን ጥያቄ በግልጽ የሚመልስ ማዕከል ብዙውን ጊዜ የቀሩትንም በሚገባ ይሠራል። እንግዳ መቀበያዋ መልሱን ባታውቅ አያስገርምም፤ ሐኪሙን ጠይቃ እንድትነግርዎ ይጠብቁ።

ለማመሳከር ሁለት ሪፖርቶችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው አንድ አንቀጽ ነው፦ አንድ ሕያው ፅንስ፣ የልብ ምት አለ፣ 20 ሳምንት፣ የእንሽርት ውሃ በቂ፣ እንግዴ ልጅ ከፊት፣ «የሚታይ ጉድለት የለም»፤ ከዚያ ፊርማ። ሁለተኛው ገጽ የሚሞላ ነው፦ የጭንቅላት ስፋትና ዙሪያ፣ የሆድ ዙሪያ፣ የጭን አጥንት ርዝመት በሚሊ ሜትር ተጽፈዋል፤ ከሥራቸው አንጎል፣ ፊት፣ አከርካሪ፣ ደረት፣ ልብ፣ የሆድ ግድግዳ፣ ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ፊኛ፣ እጅና እግር እያንዳንዳቸው በየመስመሩ «ታይቷል»፣ «አልታየም» ወይም «ያጠራጥራል» የሚል ምልክት አላቸው። የእንግዴ ልጁ ጠርዝ ከማህፀን በር ያለው ርቀትም በቁጥር ሰፍሯል። ሁለቱም «ደኅና ነው» ይላሉ፤ የመጀመሪያው ግን ምን ታይቶ ደኅና እንደተባለ አይናገርም። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም መስመሮቹን መቁጠርና «አልታየም» የተባለ ነገር ካለ ሐኪሙን መጠየቅ ማንም የሚችለው ነው። አጭሩን ሪፖርት የያዘች እናት ገና ሳምንቱ ካላለፈባት ሌላ ቦታ ሄዳ በድጋሚ ብትታይ ገንዘቧ አልባከነም።

ቀደም ሲል የአካል ጉድለት ያለበት ልጅ የወለደች፣ የስኳር ሕመም ያለባት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ፣ መንታ ያረገዘች ወይም በተራው አልትራሳውንድ ላይ አጠራጣሪ ነገር የተነገራት እናት ደግሞ ከመጀመሪያው ወደ ሰብ-ስፔሻሊስቱ ብትሄድ ይሻላል። ለእነዚህ የልብ ምርመራው ለብቻው በጥልቀት መደረግ አለበት። በአገራችን የአንጎልና የአከርካሪ አፈጣጠር ጉድለት ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር በብዛት ስለሚታይ አንድ ነገር ጨምሬ ልበል፦ ይህን ጉድለት የሚቀንሰው ከእርግዝና በፊት የሚጀመር ፎሊክ አሲድ ነው፤ አከርካሪው የሚዘጋው በፀነሱ በአራት ሳምንት ውስጥ፣ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳን ሳያውቁ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ለሚቀጥለው እርግዝና የሚያስፈልጋት መጠን በቀን 4 ሚሊ ግራም ስለሆነ ከመፀነሷ በፊት ሐኪም ታማክር።

ቱ-ዲ፣ ስሪ-ዲ ወይስ ፎር-ዲ፤ በሆድ ወይስ በብልት በኩል

የግል ማዕከላት ማስታወቂያ ላይ ጎልቶ የሚታየው ፎር-ዲ ነው፤ የልጁን ፊት በወርቃማ ቀለም እያሳየ ሲያዛጋና ጣቱን ሲጠባ ያስመለከተ ምስል የቤተሰብን ልብ ይነካል፤ ይህም የሚናቅ ደስታ አይደለም። ነገር ግን የአንጎልን፣ የልብንና የኩላሊትን ውስጣዊ መዋቅር የሚያሳየው ግራጫው ቱ-ዲ ምስል ነው፤ ልኬቱም ሁሉ የሚወሰደው በእርሱ ነው። ስሪ-ዲ፣ ማለትም የማይንቀሳቀሰው ባለ ቅርጽ ምስል፣ እና ፎር-ዲ ለሐኪሙ የሚጠቅሙት የከንፈር መሰንጠቅ፣ የአከርካሪ መጣመም ወይም የእጅና የእግር አቀማመጥ ጥርጣሬ ሲኖር ነው። ገንዘብዎ ለልምድ ያለው ሐኪም ቱ-ዲ ወይም ለማይታወቅ ባለሙያ ፎር-ዲ የሚበቃ ከሆነ ያለ ማመንታት የመጀመሪያውን ይምረጡ። አልትራሳውንድ እንደ ራጅ ጨረር የለውም፤ ቢሆንም ለሕክምና እንጂ ለመዝናኛ በየሳምንቱ መነሣት አይመከርም።

በብልት በኩል የሚደረገውን ብዙ እናቶች ይፈሩታል። ለፅንሱ ጉዳት የለውም። በ20ኛው ሳምንት የሚያስፈልገው ሁልጊዜ አይደለም፦ የማህፀን አንገት ርዝመት ሲለካ፣ እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ ወደ በሩ ሲጠጋ ወይም ጭንቅላቱ ታች ሆኖ አንጎሉ በሆድ በኩል በደንብ ሳይታይ ሲቀር ነው። የማይፈልጉ ከሆነ እምቢ ማለት መብትዎ ነው፤ ሴት ባለሙያ ወይም አብሮ የሚገኝ ሰው መጠየቅም እንዲሁ።

የደም ምርመራው ይተካዋል ወይ

ከእናት ደም የሚወሰደው ኤን-አይ-ፒ-ቲ የተባለው ምርመራ ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ ይደረጋል፤ ዳውን፣ ኤድዋርድስና ፓታው ሲንድሮም የተባሉት የክሮሞዞም ችግሮች የመኖራቸውን ዕድል በከፍተኛ ትክክለኛነት ይገምታል፤ ውጤቱ ግን የመጨረሻ አይደለም፤ ማረጋገጫው ከ15ኛው ሳምንት በኋላ የሚቀዳ የእንሽርት ውሃ ነው። ከንፈር ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ ኩላሊት አለ ወይ፣ አከርካሪው ተዘግቷል ወይ የሚለውን ደም አይናገርም። ስለዚህ ሁለቱ የሚተካኩ አይደሉም፤ አንዱን ብቻ መክፈል የምትችል እናት በእኔ እምነት አልትራሳውንዱን ትምረጥ። ዕድሜዋ ከ35 በላይ የሆነና አቅም ያላት እናት ሁለቱንም ብታደርግ ይጠቅማታል።

ለቀጠሮው መዘጋጀት

ዝግጅቱ ከሚወራው ያነሰ ነው። ምግብ መተው አያስፈልግም፤ በልተው ይሂዱ። ጿሚ የሆነች እናት ምርመራው ጾም እንደማይጠይቅና ጾምም ምስሉን እንደማያሻሽለው ትወቅ፤ ረጅም ሰዓት ሳይበሉ በጀርባ መተኛት ግን ማዞር ሊያመጣ ይችላል። የሚያዞርዎ ከሆነ ወዲያው ይናገሩ፤ ወደ ግራ ጎን መዞር ብቻ ይበቃል። ፊኛን በተመለከተ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሞላ ያለ ፊኛ ማህፀኑን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ በ20ኛው ሳምንት ግን ሽንት ይዞ መሰቃየት አያስፈልግም። ከመጠን በላይ የሞላ ፊኛ የማህፀንን በር ጨፍልቆ እንግዴ ልጁ ዝቅ ያለ እንዲመስል እስከ ማድረግ ይደርሳል። መጠነኛ ውሃ ጠጥተው ይሂዱ፤ ባለሙያው ካዘዝዎ ፊኛዎን ባዶ ያድርጉት።

ከላይና ከታች የተከፈለ ልብስ ይልበሱ፤ ሙሉ ቀሚስ ከሆነ መግለጡ ያሳፍራል፣ ጊዜም ይወስዳል። ጄሉን ለመጥረግ ፎጣ ቢይዙ ጥሩ ነው። ዋናው ዝግጅት ወረቀት ነው፦ የክትትል ካርድ፣ ቀደም ያሉ የአልትራሳውንድ ሪፖርቶች፣ የሚወስዱት መድኃኒት ስም፣ የሪፈር ወረቀቱ። የመጀመሪያው ሪፖርት የእርግዝናውን ዕድሜ ስለሚያጸና ከሁሉም ይልቅ እርሱን አይርሱ። እንደ ባልና ሚስት የሥጋ ዝምድና፣ ቀድሞ የሞተ ወይም ጉድለት የነበረበት ልጅ ያሉ ነገሮችን አማት ወይም እናት ባለችበት ለመናገር የሚከብድ ከሆነ በወረቀት ጽፎ ለሐኪሙ መስጠት ይቻላል።

አብሮ የሚገባው ሰው አንድ ቢሆን ይበቃል፤ ባለቤትዎ ወይም ነገር የምትሸከም እኅት። ትንንሽ ልጆችን ቤት ይተዉ። ጾታውን ማወቅ ይፈልጉ እንደሆነም ከመጀመርዎ በፊት ለባለሙያው ይንገሩ፤ አንዳንድ ቤተሰብ መልሱን በወረቀት ይዞ መሄድ ይመርጣል። ባለሙያው ልብን ሲመረምር ዝም ማለቱ ክፉ ምልክት አይደለም፤ ሥራው ትኩረት ይፈልጋል፤ ጥያቄዎን ለመጨረሻው ያቆዩ።

በውጭ አገር ለሚኖሩ እናቶች ሥርዓቱ ይለያያል። በእንግሊዝ የመንግሥቱ ጤና አገልግሎት ይህን ምርመራ ከ18ኛው ሳምንት እስከ 20 ሳምንት ከ6 ቀን ባለው ጊዜ በነፃ ያቀርባል። በእስራኤል ከ14ኛው እስከ 17ኛው ሳምንት የሚደረግ ቀዳሚ ዝርዝር ምርመራም የተለመደ ነው፤ ቀዳሚውን ያደረገች እናት ሁለተኛውን መተው የለባትም፤ አንዳንድ የአንጎልና የልብ ችግሮች የሚገለጡት ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ነው። በየትም አገር ቢሆን ቋንቋው የማይመችዎ ከሆነ ቀጠሮ ሲይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ባል ወይም ትልቅ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግ ግን ከባድ ዜና ሲመጣ ቃሉን ያሳጥራል፣ ያለሰልሰዋልም።

ከውጤቱ በኋላ

ሦስት ዓይነት መልስ ይመጣል። ሁሉም ታይቶ ችግር ካልተገኘ ሪፖርቱን ከካርዱ ጋር ያስቀምጡ፤ ለወሊድ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ። አንዳንዱ ክፍል «አልታየም» ከተባለ ይህ የጉድለት ዜና አይደለም፤ ፅንሱ ስላልተመቸ ነው፤ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲታይ ቀን ይቆረጥ፤ ሳይቆረጥ ከክፍሉ አይውጡ። እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሏል ከተባሉ አይደንግጡ፤ ማህፀኑ ሲያድግ አብዛኛው ወደ ላይ ይወጣል፤ በ32ኛው ሳምንት አካባቢ እንደገና ይታያል፤ እስከዚያ ደም ከታየ ግን ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

ሦስተኛው «ያጠራጥራል» የሚለው ነው። በልብ ውስጥ የምትታይ ነጭ ነጥብ ወይም በአንጎል ውስጥ ያለች ትንሽ የውሃ ከረጢት ብቻቸውን ሲገኙና ሌላው ሁሉ ደኅና ሲሆን ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ልጅ ይወለዳል። የመዋቅር ጉድለት ከተጠረጠረ ግን በዚያው ሳምንት ሰብ-ስፔሻሊስት እንዲያይዎ ሪፈር ይጠይቁ። ሐኪሙን የጉድለቱን ስም በወረቀት እንዲጽፍልዎ፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ፣ ከወሊድ በኋላ ሕክምና ይኖረው እንደሆነና የት ሊወልዱ እንደሚገባ ይጠይቁት። ምስሎቹን በሲዲ ወይም በስልክ ይውሰዱ፤ ሁለተኛው ሐኪም ከየት መጀመር እንዳለበት ያሳዩታል።